ከጥንቃቄ ወደ ጥቃቅን የወረደችው መስመር

ለውድ ወንድሜ ለይሄነው ደርበው
ጅግጅጋ

ወንድም ጋሻዬ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ያ በአቧራው የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ደረትህን ይዘህ ነው የምታድረው? ምህረቴስ እንዴት ናት፣ ወገቧን ሻል አላት? ልጃችን ምሥራቅስ? ባለፈው በስልክ «አክስቴ፣ ፈረስሽን ይዘሽልኝ ነይ» ያለችኝን እያስታወስኩ ብቻዬን እስቃለሁ። ፈረሱ የአያቷ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ንገሪያት በላት ለእናቷ። እኛ ከሰውም ከከብትም ደኅና ነን፤ ክረምቱ በሰላም ወጥቶልናል። «ደኅና» ስልህ በቁማችን አለን ማለቴ ነው። ልባችንን ከጠየቅከኝ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ በአንድ እግሩ ነው የቆመው።

አንተ ደብዳቤ ሲደርስህ ሰላምታውን አንብበህ የቀረውን «ስገባ አነበዋለሁ» ብለህ ኪስህ ውስጥ እንደምትከተው አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር እዚሁ ከላይ አስቀምጠዋለሁ። ለምን ከላይ እንዳስቀመጥኩት ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል።

ጥንቃቄ፦ ጋሽ ፀጋው ለአንተ የገቡትን ዋስትና ሊያነሱ ነው። ምክንያቱ እኔ ነኝ። የእሳቸው ደብዳቤ ሳይቀድምህ ለአለቃህ አንተው በአፍህ ንገራቸው፤ ሌላ ዋስ እስክታገኝ ጊዜ እንዲሰጡህም ለምናቸው።

ያለ ዋስ የግምጃ ቤት ቁልፍ ለማንም እንደማይሰጥ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። የዛሬ አራት ዓመት ጋሽ ፀጋው «የክርስትና ልጄ ነው» ብለው ሲፈርሙልህ እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ያን ስለማውቅ ነው ያችን መስመር ሁለት ጊዜ ሰርዤ የጻፍኳት። በስልክ እንዳልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ መስመሩ «ሃሎ፣ ሃሎ» ላይ ተቆረጠ። በዚያ ላይ የምይዘው ስልክ የቢሮው ነበርና ሐሙስ ዕለት ተቀብለውኛል። ይህን የሚያደርስልህ የእማዬ የአጎት ልጅ እንየው ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ጭነቱን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ይነሣል፣ ከዚያ ወደ አንተ ለሚመጣ ሰው ይሰጥልኛል። መንገዱን ሰላም ያድርግለት።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «እህቴ እንጅባራ ላይ ኮምፒዩተር ትነካካለች» ትላለህ አሉ። ከመነካካት ትንሽ ያልፋል። የቢሯችን ፕሮግራም «ደራሽ» ይባላል። ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስ የሚጠሩበት፣ ወላድ ሆስፒታል የምትሄድበትን ቀንና ሰዓት የሚቀጥሩበት ነው፤ በዞናችን አሥራ አራት ቦታ ይሠራል። ፕሮግራሙ በየሁለት ሦስት ወሩ ይታደሳል። በታደሰ ቁጥር ምኑ እንደተለወጠ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት አብሮት ይወጣል፣ የለውጥ ማስታወሻ እንለዋለን። ያን ገጽ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ለውጥ እመረምርና ከአራት ርዕሶች በአንዱ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ ርዕሶቹ ጥንቃቄ፣ አዲስ፣ የተጠገነ፣ ጥቃቅን ናቸው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አለቃዬ ጋሽ ፀጋውም «የፋና ሥራ መደርደሪያ ማስተካከል ነው» እያሉ በሰው ፊት ይቀልዱብኝ ነበር።

አንተ ግን ይህን ሥራ ታውቀዋለህ። ልጆች ሆነን ከአባዬ ጋር ድንች ስንለይ የዘሩ ለብቻ፣ የገበያው ለብቻ፣ የቤቱ ለብቻ፣ የተመታው ለከብት ነበር። አባዬን መጥፎ ድንች አያናድደውም ነበር፤ የሚያናድደው ቦታውን የሳተ ድንች ነው። «የበሰበሰ ድንች ከከብቱ ክምር ቢገባ ምን ያመጣል? ከዘሩ ክምር ከገባ ግን የከርሞውን ይበላዋል» ይለን ነበር። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ስለ ምደባ ከዚያ የሚበልጥ ትምህርት አልሰማሁም።

በሥራችን አንድ ልማድ አለ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ጤና ኬላ ውስጥ ብቻዋን የምትሠራ ልጅ ሙሉ ገጽ ለማንበብ ጊዜ የላትም፣ አንዳንዷ ጋ ኔትወርክ በሳምንት ሁለት ቀን ቢጎበኛት ነው። ስለዚህ አምና ፕሮግራሙን ላስተምር በየቦታው ስዞር «እናንተ ከላይ ጥንቃቄ የሚለውን ብቻ አንብቡ። በእጃችሁ ገልብጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ የቀረው የእኛ ጣጣ ነው» አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። ይህችን አስምርባት ይሄነው፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዲስ ቨርዥን ልናወጣ ሆነ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ባልደረባዬ ገብረ ማርያም ነው። ሪፖርቱ ወደ ላይ የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ የሰዓቱን ክፍል ከነሥሩ ነቅሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ተካው። እስከዚያ ድረስ ስክሪኑ ላይ 2:00 ካለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ከአዲሱ በኋላ ያው ጠዋት 8:00 ሆኖ ይታያል። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። አሥራ አራት ሰዓት ቢል ማንም ግራ ተጋብቶ ይጠይቃል። ስምንት ሰዓት ግን ለአገራችን ሰው ስምንት ሰዓት ነው፤ ከምሳ በኋላ። ስለዚህ ከሁሉ በላይ፣ ጥንቃቄ ሥር፣ በደማቁ ጻፍኩ፦ «ከዚህ በኋላ በስክሪኑ የሚታየው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 8:00 ማለት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ቀንሱ።»

ጋሽ ፀጋው ወረቀቱን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። ውላችን ላይ፣ ጥንቃቄ ሥር አንድ መስመር እንኳ ካለ፣ አዲሱ ከመለቀቁ በፊት አሥራ አራቱም ቦታ ሄደን ሠራተኞቹን ማሠልጠን አለብን ይላል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከላይ የሚመጡ እንግዶች ነበሩባቸው፤ አዲሱ ሲሠራ ሊያሳዩአቸው ቃል ገብተዋል። «አንቺ ልጅ፣ ሰዓት እኮ ነው! ሰዓት ማንበብ የማይችል የጤና ባለሙያ አለ?» አሉኝ። «የፈራሁት ማንበብ ስለሚችሉ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። «ጥንቃቄው ባዶ የሆነ ወረቀት እንዴት እንደሚያምር አታውቂም። እንግዳ ሲያየው እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ ይላል» አሉ። እኔም እንደምታውቀኝ አልለቀቅኋቸውም፣ ድምፄ እታች ሱቁ ድረስ ተሰማ አሉ። በመጨረሻ «በቃ እሺ፣ ባልሽው ይሁን፣ አንቺን ማን ይችልሻል» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አምኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህ ሐሙስ ነው። አርብ ጥቅምት 28 አዲሱ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት የወጣውን ወረቀት ስከፍት ጥንቃቄ ሥር «የለም» ይላል። መስመሬን ፍለጋ ወደ ታች ወረድኩ። ጥቃቅን ሥር፣ «የአዝራሮች ቀለም ተለውጧል» ከሚለው ቀጥሎ አገኘኋት፤ «የሰዓት አቀራረብ ተሻሽሏል» ትላለች። በቃ። ስምንት የለ፣ ሁለት የለ። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «አዘጋጅ፦ ፋና ደርበው» ተብሎ ስሜ ተቀምጧል።

ጋሽ ፀጋው ከእንግዶቻቸው ጋር ባሕር ዳር ስለነበሩ ስልክ አያነሱም። ማንንም ሳልጠይቅ ለአሥራ አራቱም ቦታ መደወል ጀመርኩ። «እህቴ፣ ወረቀት አውጪ፤ ጥንቃቄ ብለሽ ጀምሪ» እያልኩ ቃል በቃል አስጻፍኳቸው፣ ግድግዳው ላይ እንዲለጥፉም ነገርኳቸው። እስከ ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት አሥራ አንዱ ተገኙ። ሦስቱ ግን ኔትወርክ የላቸውም። ከሦስቱ አንዱ ከአዘና ወዲያ ያለ ጤና ኬላ ነው። የአዘና ሚኒባስ ገና መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ነበር። ራሴን እያመመኝ ነበርና «ነገ በጠዋት እሄዳለሁ» ብዬ ቤቴ ገባሁ። ይህችንም አስምርባት።

ነገ ያልኩት ረቡዕ ኅዳር 3 ነው፤ ሚኒባሱ ሳይሞላ ውሎ እኔ ኬላው ስደርስ ሁሉም አልፎ ነበር። በዚያ ኬላ ሥር ካለች መንደር ማናለብሽ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ስለወለደች ሁለተኛውን በምጥ እንዳትሞክረው ታዝዞላት፣ በዚያ ቀን ጠዋት ሆስፒታል እንድትገባ ተቀጥራለች። አምቡላንሱ ከኬላው በር በ8:00 ይወስዳታል ይላል ፕሮግራሙ። የኬላው ሠራተኛ እንቁ ትባላለች፣ እኔ ራሴ ያሠለጠንኳት ልጅ ናት። ቅዳሜ ኔትወርክ ሲመጣላት ወረቀቱን ከፈተች፤ ጥንቃቄ ሥር «የለም» የሚለውን አየች፤ እንዳስተማርኳትም እዚያው አቆመች። ለማናለብሽ ባል «ስምንት ሰዓት ላይ አድርሷት» አለችው።

ሹፌሩን የሚልከው ጤና ጣቢያ ከደወልኩላቸው አንዱ ነበርና አምቡላንሱ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት መጣ። እንቁ ቤት ለቤት ወጥታለች፣ በሩ ላይ ሰው የለም። ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ግማሽ ሰዓት ጠበቀ፣ ሌላ ጥሪ መጣበትና ሄደ። የመንደሩ ሰዎች ማናለብሽን በወሳንሳ ተሸክመው ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ አሳረፏት። ምጡ መንገድ ላይ ጀምሯታል። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። በመጨረሻ ከሰል የጫነ አይሱዙ አስቁመው ከጆንያው ላይ አስተኟት። ሆስፒታል የደረሰችው ሊመሽ ሲል፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ነፍሷ ተርፏል፤ ማህፀኗ ግን ወጥቷል። የወለደችው ሴት ናት፤ ሕፃኗ እስከ ዛሬ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ናት፣ ሐኪሙን በጠየቅሁት ቁጥር «እንጠብቅ» ነው የሚለኝ። አራት ጊዜ ሄጄ በመስታወቱ አይቻታለሁ። ጡጫዋ የሾላ ፍሬ አታህልም። ለማናለብሽ ማን እንደሆንኩ ነገርኳት። «ሰዓቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። «በትክክል ጽፌው ነበር፤ ሰው እንዳያየው ወደ ታች ወረደ» አልኳት። «እኛ እኮ ቀድመን ነው የደረስነው» አለች። ይሄነው፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያች ቃል እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣችም።

ጉዳዩን የሚመረምር የሦስት ሰው ኮሚቴ ተቋቁሟል። ነገ ሰኞ ኅዳር 15 በሦስት ሰዓት እቀርባለሁ፤ በእኛ ሰዓት መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ፕሮግራሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል። መዝገቡ ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ መስመሯን ያወረደችው ፋና ናት ይላል። ምክንያቱን ልንገርህ። በቢሯችን የሁላችንም የይለፍ ቃል በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከማተሚያው ማሽን በላይ ተለጥፏል። «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላሉ ጋሽ ፀጋው። በቤተሰብ ወግ በስሜ ገቡና አወረዷት። ገብረ ማርያም እዚያው ተቀምጦ አይቷል። ስለምነው «ከጠየቁኝ እናገራለሁ፤ ካልጠየቁኝ ግን ፋኒዬ፣ መንታ ልጆች ናቸው ያሉኝ» አለኝ። አልፈረድኩበትም ልልህ ነበር። ፈርጄበታለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

እንግዲህ የቀረኝ ማስረጃ ግድግዳ ነው። የደወልኩላቸው አሥራ አንዱ ሠራተኞች ያስጻፍኳቸውን በእጃቸው ጽፈው፣ ከነቀኑ ለጥፈውታል። መስመሯን ራሷ ያወረደች ሰው፣ ገና አንድም ነገር ሳይደርስ፣ አሥራ አንድ ቦታ ደውላ መልሳ ወደ ላይ ታወጣታለች? ይህን ጥያቄ ይዤ ባለፈው ረቡዕና ሐሙስ ስዞር ዋልኩ። ዳንግላ ወርጄ በጋሪ፣ ጋሪው ከማይገባበት በእግሬ፣ ጫግኒ ደግሞ በባጃጅ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወረቀቱን ከነፕላስተሩ ልጠው ሰጡኝ፣ አንዷ እንዲያውም ስሟን ጽፋ ፈረመችበት። ሦስተኛዋ ዓይኔን ሳታይ «እንዲህ ያለ ወረቀት አላስታውስም» አለችኝ። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ጭስ ያልነካው ባለ አራት ማዕዘን ንጹሕ ቦታ አለ። ጫግኒ ስደርስ «ከቢሮ ነን ያሉ ሰዎች ጠዋት መጥተው ወሰዱት» ተባልኩ። የሚከታተለኝ ሰው ካለ ከኋላዬ ነው ብዬ ስዞር ስዞር፣ ለካ ከፊቴ ነው የሚሄደው። ከአሥራ አንዱ በእጄ የገቡት አራት ናቸው። አጣጥፌ በአባዬ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ በቀን አምስት ጊዜ እየገለጥኩ እቆጥራቸዋለሁ።

ወደ እንቁም ሄጄ ነበር። ወረቀት ልጠይቃት አይደለም፣ የላትምና። ከሥራ ታግዳ ወላጆቿ ቤት ናት፤ የመንደሩ ሰው ሲያያት መንገድ ይቀይራል። «ከላይ ብቻ አንብቢ አልሽኝ፤ ከላይ አነበብኩ» አለችኝ። እዚያው ደጃፏ ላይ ቆሜ የጫማዬን ጭቃ ሳይ ቆየሁ።

አርብ በሚካኤል ዕለት ጋሽ ፀጋው ቤታችን መጡ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተው ከአባዬ አጠገብ ተቀመጡ። ከኪሳቸው ታይፕ የተደረገች ወረቀት አወጡ። «ፋንዬ፣ ሦስት መስመር ናት። ምድቡን በስህተት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ነው የምትለው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጡሻል፣ በስድስት ወር ይረሳል። ወጣት ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ያዝኑልሻል። እኔ ከተነካሁ ግን ቢሮው ይዘጋል» አሉኝ። «ከማናለብሽ ጋር ስድስት ወር ጠብቀን እንይ፣ ይረሳ እንደሆነ» አልኳቸው። እማዬ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እሳቸው አልተቆጡም። ወደ አባዬ ዞረው በጣም በለሰለሰ ድምፅ «ይሄነው እንዴት ነው? የዋስ ነገር እኮ አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት መስመር ደብዳቤ ናት፣ ለመግባትም ለመውጣትም» አሉ።

ከዚያ እማዬ ማልቀስ ጀመረች። «ወንድምሽ ሚስት አለው፣ ልጅ አለው። በሰው አገር ያለ ዋስ ማን ቁልፍ ያስይዘዋል? አንቺ ነገ ሌላ ሥራ ታገኛለሽ። የምትሰጪው ስም ነው፤ ስም እንደ ጎመን ነው፣ ቢቀነጠስ ያቆጠቁጣል» አለችኝ። እማዬን አትቀየማት። በሁለት ልጆቿ መካከል ቆማ ወደ የትኛው እንደምታዘነብል አታውቅም። እኔም ያን ጊዜ እውነቱን ልንገርህ፣ እስክሪብቶውን አይቼዋለሁ። ወረቀቷ ላይ ተጋድሞ ነበር። የምሥራቅ ድምፅ፣ ያ የፈረሱ ነገር፣ በጆሮዬ መጣብኝ። ፈርሜ ብገላገልስ አልኩ።

ይህን ጊዜ አባዬ ተናገረ። እስከዚያ ድረስ የፈረሱን ልጓም እየሰፋ ነበር፣ ቀና አላለም። በአገውኛ ነው የተናገረው፤ ታውቀዋለህ፣ ቁርጥ ሲልበት አማርኛውን ይተወዋል። «አንዱን ልጄን ለሌላው ልጄ ዋስ አላስይዝም» አለ። ጋሽ ፀጋው አገውኛ አይሰሙም። «ምን አለ?» ብለው ወደ እማዬ ዞሩ። እማዬ እንባዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገችና «ፈረሱ ውሃ ሳይጠጣ ዋለ ነው የሚለው» አለቻቸው። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ፀጋው ፊታቸው ጠቆረ፤ ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሡ። ከበሩ ላይ ቆመው «እንግዲህ ሰኞ ማታ ደብዳቤዬ ወደ ጅግጅጋ ይሄዳል» ብለው ወጡ። እንየው እንዲቀድማቸው ነው ይህን እየተጣደፍኩ የምጽፈው።

ለነገ የራሴን ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። አቀማመጡ እንደ ለውጥ ማስታወሻ ነው፣ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም። ከላይ፣ ጥንቃቄ ሥር፣ መስመሯን ማን እንደጻፋት፣ ማን እንዳወረዳትና ለምን እንዳወረዳት አለ። ከእሱ ቀጥሎ፣ በዚያው ርዕስ ሥር፣ የእኔም አለ፤ «ከላይ ያለውን ብቻ አንብቡ» ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ማክሰኞ ሚኒባሱን እያየሁ ቤቴ የገባሁትም እኔ ነኝ። እንቁ የተነገራትን ነው ያደረገችው። የራሴን ጥቃቅን ሥር ብከተው ማንም ላያየው ይችላል። ታዲያ እንደዚያ ካደረግሁ ከጋሽ ፀጋው በምን እለያለሁ?

እፈራለሁ ይሄነው። አንደበቴን አይተህ የማልፈራ እንዳይመስልህ። ከሦስቱ የኮሚቴ ሰዎች አንዱ የጋሽ ፀጋው አብሮ አደግ ነው። አራቱ ወረቀቶች ሕፃን የጻፈው ጭረት ነው ተብለው እንዳይጣሉ እፈራለሁ። እንቁን እንዳያስሯት እፈራለሁ። ሕፃኗ ነገ በሦስት ሰዓት እኔ ስናገር ትተነፍስ ይሆን እያልኩ እፈራለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ቁልፉን ተቀብለውህ በፀሐይ ወደ ቤትህ ስትሄድ፣ ምህረቴም ከበር ላይ «ዛሬ ቀድመህ መጣህ» ስትልህ ይታየኛል።

አንድ ነገር ግን ታስታውሳለህ? እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ አንተ አሥራ ሁለት። ስንጫወት የበሰበሰውን ድንች ወደ እኔ ወረወርከው፤ አገር ሰላም ብሎ ከዘሩ ክምር ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ክምሩ ሲሸት አባዬ የዘሩን የለየሁት እኔ ስለሆንኩ እኔን ገረፈኝ። አንተን ማንም አላየህም ነበር፣ ዝም ብትል ያልፍልህ ነበር። መጥተህ ከፊቱ ቆመህ «እኔ ነኝ» አልከው። አባዬ አልመታህም። አለንጋውን ጥሎ ሁለታችንንም ይዞ ክምሩን ከሥሩ እስኪመሽ አብረን ለየነው። እኔ ስለ እውነት የማውቀው ያኔ ያየሁትን ነው። ያኔ ግን ልጅ ነበርክ፤ አሁን ልጅ አለህ። ስለዚህ ብትቆጣኝ አልከፋብህም፤ ተቆጥተህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ጥቃቅኑን ከታች አደርገዋለሁ፣ ቦታቸው ነውና። ቦራዋ ላም ወይፈን ወልዳለች። እማዬ ያቺን የምትነዘንዛትን ጥርስ አስነቅላ አሁን በግራ በኩል እየሳቀች ነው። አባዬ ለጥር ጊዮርጊስ የፈረሰኞች ዕለት ልጓሙን በአዲስ ቆዳ እየሰፋ ነው፤ ዘንድሮም ከወጣቶቹ እቀድማለሁ ይላል፣ እኛም እሺ እንለዋለን። ከጓሮ ያለው ቀርከሃ አድጎ የጎረቤቱን አጥር አልፏል፤ ጎረቤታችንም «ቀርከሃችሁ መጥቶ ሰላም አለኝ» ብሎ ሲቀልድ ሰነበተ።

እማዬ «ልጄን ከክፉ ዓይን ይሰውርልኝ፣ ሳሉን በማር ይያዘው» ብላሃለች። አባዬ ለአንተ ሰላምታ በል ስለው «ቁልፉን ቢወስዱበትም እጁን አይወስዱበትም በይው» አለኝ። ለምህረቴ በእኔ ስም ወገቧን አሽተህ ሰላም በልልኝ፤ የምትወቅሰኝ ነገር ካለ ለእኔው ትጻፍልኝ እንጂ በአንተ ላይ አታውጣው። ምሥራቅን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ፈረሱ ስሟን እየለመደ ነው በላት። አብረውህ ለሚሠሩት፣ ለግቢው ዘበኛም ሳይቀር፣ የአገር ሰው ሰላምታ አድርስልኝ።

የጋሽ ፀጋው ወረቀት ሳይፈረምበት ቀርቷል። ይህችን ግን ማንም እጄን ሳይዝ ፈርሜባታለሁ።

እህትህ ፋና ደርበው
እንጅባራ፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.